ዓመት፣ ወር፣ ቀን

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል፤ አርአያ ግን የሚያየው ሰዓቱን ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። «እትዬ ዙለይካ፣ ሃያ ደቂቃ» ይለኛል፤ እኔም በእጄ ሂድ እለዋለሁ። ኦሎምፒያ አጠገብ ካለችው ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቴ ተነስቶ ካዛንቺስ ውስጥ እስከተከራያት አንዲት ክፍል ድረስ እየሮጠ ይሄዳል። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሆዱም ትንሽ ወጣ ብሏል። ሲሮጥ ያየው ሰው ሚስቱን ምጥ የያዛት ይመስለዋል። እሱ የሚሮጠው ግን የልጆች ጌም በወጉ ለመዝጋት ነው።

እኛ ቤት ማመልከቻ ይጻፋል፣ ፎቶኮፒ ይነሳል፣ ሲቪ ይተየባል። አርአያ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። የዙለይካ ጠባይ ክፉ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ክፉ አይደለሁም፤ ስሕተት አልወድም። ከዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛችን ቀኑ በፈረንጅ ይሁን በእኛ ባልለየ ደብዳቤ የተነሳ ቀጠሮዋ አለፈባት። እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ በትልቁ አስለጠፍኩ፦ «በዚህ ቤት ቀን የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን።» ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ሁሉ ስሙ በዚህ ይጀምራል። አርአያ ይህን ሕግ ከእኔ በላይ ያከብራል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሚስቱ ከማዕዛ ጋር ከተለያዩ አራት ዓመት አልፏል። ተጣልተው አይደለም፤ ዝም ተባብለው ነው የተለያዩት፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ማዕዛ ሀዋሳ ሥራ አገኘችና የአስራ አንድ ዓመት ልጃቸውን መርሃዊትን ይዛ ሄደች። አርአያ እሑድ እሑድ ይደውላል። «ደህና ነኝ። እሺ። በቃ ቻው።» ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ፊቱን አይቼ ስንት ደቂቃ እንዳወሩ መናገር እችል ነበር፤ ከሁለት ደቂቃ በልጦ አያውቅም። በጣም ያሳዝነኝ ነበር፤ ነግሬው ግን አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሑድ መርሃዊት ራሷ ደወለች። ያንን አራት ማዕዘን ድንጋይ እየደረደሩ ቤትና ከተማ የሚሠሩበትን ጌም ከጓደኞቿ ጋር የምትጫወትበት ቦታ ተዘግቶባት ኖሯል። አባዬ፣ አንተ ኮምፒውተር ቤት አይደል የምትሠራው፣ ሰርቨር ልትከፍትልን ትችላለህ ወይ አለችው። እችላለሁ አላት። ሰርቨር ምን እንደሆነ የጠየቀው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው።

የጠየቀው ዮአብን ነበር። ዮአብ ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ያለው፣ የእኔንም የፎቶኮፒ ማሽን የሚጠግን ፈጣን ልጅ ነው፤ ሲያወራም ሲሠራም ይቸኩላል። እሱ እንዳስረዳን፣ ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። ልጆቹ የሚሠሩት ቤት፣ መንገድ፣ እርሻ ሁሉ እሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ እነሱ ሀዋሳ ሆነው በኢንተርኔት ይገቡበታል። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ዓለማቸውም ይዘጋል። በወጉ ሳይዘጋ መብራት ድርግም ካለበት ደግሞ ዓለሙ ሊበላሽ ይችላል።

አርአያ አንድ ቢሮ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አገኘ። ሙቀት እንዳይገድለው ጎኑን ፈቶ ከፊት ለፊቱ ቬንትሌተር አቆመለት። መሬቱ በክረምት ስለሚረጥብ በሁለት ብሎኬት ላይ አስቀመጠው። መብራት ሲጠፋ ሃያ ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪም ገጠመለት፤ የሱቄና የእሱ ሰፈር የመብራት መስመር አንድ ነው። የክፍሏን ደህና ጥግ የያዘው ማሽኑ ነው፤ አርአያ አልጋውን ወደ በሩ ስለገፋው በሩ ግማሽ ብቻ ይከፈት ነበር። አከራዩ ወይዘሮ ዘውዲ መጀመሪያ ላይ እሳት ያስነሳብናል ብለው ፈርተው ነበር፤ ግድግዳቸው አንድ ስለሆነ የማሽኑ ድምፅም እንቅልፍ ነሳቸው። ኋላ ለመዱት። እንዲያውም መብራት መጥፋቱን የሚያውቁት ያ ድምፅ ጸጥ ሲል ሆነ፤ በሩን ቆርቆር አድርገው «አርአያ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ አርአያ ሌላ ሰው ሆነ። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ፣ እሱም ጌሙ ውስጥ ይገባል። እሷና ስምንት ጓደኞቿ ከተማ ይሠራሉ፤ እሱ ድንጋይ ያቀብላል። ብዙ ጊዜ ገደል ይገባል። ልጆቹ ይስቁበታል። በስልክ «ደህና ነኝ» ብቻ የምትለው ልጅ እዚያ ስትጽፍ አታቆምም። ሒሳብ ከሃያ አስራ ስድስት አመጣሁ፣ የቤዛ እናት ታመሙ፣ እማዬ ፀጉሯን አሳጠረች። በነጋታው ጠዋት ሁሉንም ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔም ሥራ ይዣለሁ እያልኩ አዳምጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር ይቀየራል። አርአያ አዲሱን ቁጥር በስልክ ጽፎ ይልክላታል። ዮአብ ቁጥሩ እንዳይቀየር አድርጌ ላስተካክልልህ ቢለው ተወው አለ። ለምን ብዬ ስጨቀጭቀው ፈገግ ብሎ፣ ቁጥሩን ስልክላት «አመሰግናለሁ አባዬ» ብላ ትመልስልኛለች አለኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተናገርኩትም።

በጥቅምት መጨረሻ መርሃዊት እዚያ ጌም ውስጥ ኮረብታ ላይ አዲስ ቤት ሠራች። ቤቱ ውስጥ ሣጥን አኖረች፤ ሣጥኑ ውስጥ መጽሐፍ። በዚያ ጌም መጽሐፍ ላይ የፈለጉትን ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። «ላንተ የጻፍኩት ነው። ልደቴ ቀን፣ ኅዳር 12 ክፈተው። ቀድመህ ብትከፍተው አውቃለሁ» አለችው። ሌላ አባት ቢሆን በዚያው ምሽት ይከፍተው ነበር። አርአያ አልነካውም። እየሄደ ሣጥኑን አይቶ ይመለሳል። እኔማ ክፈተው ብዬው ነበር፤ ለአስራ አምስት ዓመት ልጅ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ ተቆጣኝ።

ጭንቀቱ ግን ከዚያ ቀን ጀመረ። እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሆነ። ሰማይ ሲያጉረመርም ይደነግጣል። ከሱቄ በታች መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች ማሽናቸውን ሲያስነሱ በራፍ ላይ ወጥቶ ያያል። ድሮ ዮአብ የጫነለት ፕሮግራም የዓለሙን ቅጂ በየቀኑ በራሱ ያስቀምጥ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ከሚያዝያ ወዲህ አርአያ በእጁ እየገለበጠ ነበር የሚያስቀምጠው፤ በሳምንት አንዴ ይገለብጥ የነበረውን ሣጥኑ ከመጣ በኋላ በየዕለቱ አደረገው። ለእያንዳንዱ ቅጂ ስም ይሰጠዋል። ስሙ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር።

በየዕለቱ የሚገለበጥ ነገር ቦታ ይጨርሳል። ኅዳር 5 ቀን ዮአብ የፎቶኮፒ ማሽኔን ሊጠግን መጣ። አርአያ ዲስኩ ሞልቶብኛል፣ ድንገት አንድ ነገር ቢሆን አዲስ ቅጂ የማስቀምጥበት የለኝም አለው። ዮአብ ቀላል ነው አለ፤ ከፋይሉ ስም ላይ ቀኑን እያነበበ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየውን የሚያጠፋ ትንሽ ፕሮግራም እጭንልሃለሁ።

«ቀኑን እንዴት ነው የምትጽፈው?» ብሎ ጠየቀው።

«ዓመት፣ ወር፣ ቀን» አለ አርአያ።

«አሪፍ። በቃ እንደሱ ከሆነ ችግር የለም።»

በማን አቆጣጠር ብሎ የጠየቀ የለም። አርአያ እኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ሌላ አቆጣጠር መኖሩን ረስቶታል። ዮአብ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የእኛ አቆጣጠር ይጻፋል ብሎ አላሰበም። እኔ መሐላቸው ቆሜ ወረቀት እያያያዝኩ ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ግድግዳው ላይ ያስለጠፍኩት እኔ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ሁለቱም በዚያው ማታ አርአያ ቤት ሄደው ፕሮግራሙን ጫኑት። አርአያ በማግስቱ ቦታ ሰፋልኝ ብሎ ደስ ብሎት መጣ።

ሰኞ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ከታች በኩል ቆፋሪው ማሽን የመብራት ገመድ በጠሰ። አካባቢው ሁሉ ጸጥ አለ። አርአያ ሰዓቱን አየ፣ ጫማውን አጠበቀ፣ ወጣ። የዚያን ቀን ግን የሚያልፍበት መንገድ በቆርቆሮ ታጥሮ ኖሯል። ዞሮ በስታዲየም በኩል ሄደ፤ እዚያም ሰልፍ የያዘ ሰው ሞልቶታል። ኋላ እንደነገረኝ ሰዓቱን ማየት አቁሞ ልቡን ብቻ እየሰማ ነበር የሚሮጠው። በሃያ ሰባት ደቂቃ ደረሰ። ወይዘሮ ዘውዲ በራፍ ላይ ቆመው «ጸጥ ብሏል» አሉት።

መብራት ማታ ተመለሰ። ደወለልኝና ዓለሙ አልከፈት ብሎኛል፣ ግን ግድ የለም፣ የትናንቱ ቅጂ አለኝ አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ከአስር ደቂቃ በኋላ እንደገና ደወለ፤ አይናገርም። ሃሎ፣ ሃሎ ብል ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስክሪኑ ላይ የቅጂዎቹ ዝርዝር አለ። ሁሉም በ2024 እና በ2025 የሚጀምሩ ናቸው፤ የድሮው ፕሮግራም በፈረንጅ ቀን ያስቀመጣቸው። የመጨረሻው የሚያዝያ ነው። በ2017 እና በ2018 የሚጀምሩት፣ እሱ ራሱ ሰባት ወር ሙሉ በእጁ የገለበጣቸው፣ አንድም የለም። ዮአብን በስልክ አገኘነው። ጉዳዩን ስንነግረው መጀመሪያ አልገባውም። «2018 ብለህ ነው የጻፍከው? አርአያ፣ ማሽኑ እኮ አሁን 2025 ነው የሚለው። ለእሱ 2018 ሰባት ዓመት ያለፈው ነው።» አሮጌ ነው ብሎ አዲሱን ሁሉ ጠርጎ አጥፍቶታል። የዕለቱንም ቅጂ ገና እንደተቀመጠ አጥፍቶታል፤ አርአያ ደግሞ ገልብጦ ይዘጋ ነበር እንጂ ዝርዝሩን አላየም። የቀረልን ከሣጥኑ በፊት፣ ከኮረብታው ቤት በፊት የነበረው ዓለም ብቻ ነው።

ዮአብ የጠፋ ፋይል የሚመለስበት ጊዜ አለ ብሎ ዲስኩን ይዞ ሄደ። ዓርብ የልደቷ ቀን ነው። አራት ቀን ቀርቶናል። አርአያ ለመርሃዊት ሰርቨሩ ጥገና ላይ ነው ብሎ ጻፈላት። «እስከ ዓርብ ይደርሳል?» አለችው። «ይደርሳል» አላት። ይህን ባይል ኖሮ ምን ነበረበት።

እነዚያ ቀናት አልነጋ አልመሽ አሉ። አርአያ የሰውን ማመልከቻ ሲጽፍ የአመልካቹን ስም ትቶ የኃላፊውን ስም ሁለት ቦታ ያስገባል። ፎቶኮፒ ሲያነሳ ወረቀቱን በጀርባው ያስገባና ባዶ ወረቀት ይቆልልልኛል። ስልኩ ሲጮኽ ይዘላል። ምሳ አስመጣለታለሁ፤ ይነካካና ይተወዋል። ምናልባት ስለ ትምህርት ቤቷ ይሆናል ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ምናልባት ታማ ይሆናል ይላል። በአፏ ያልነገረችኝን ነገር ነው እዚያ ያስቀመጠችው እትዬ፣ በአፏ የሚባል ቢሆን ትለው ነበር ይለኛል። እኔም ተጨነቅሁ። መጨነቄ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ እቆጣው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ዮአብ ዲስኩን ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቷል። የተገኘው ስብርባሪ ነው፣ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ አይከፈትም አለ። አርአያ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ስለደከምክ አመሰግናለሁ ብሎ ሸኘው። እኔ ግን በራፍ ድረስ ተከትዬ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩት። ልጁ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ አነሳ። እኔም ማስታወቂያውን አየሁትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አርአያ እውነቱን እነግራታለሁ አለ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። በልደቷ ቀን የሰባት ወር ሥራዋን ያጠፋህባት አንተ መሆንህን ልትነግራት ነው ወይ አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ምን ሊያጽፍ እንደመጣ አውቃለሁ። ሴት ልጅ ለአባቷ ምን ትጽፋለች? ናፍቀኸኛል፣ እወድሃለሁ፣ ስለ ሰርቨሩ አመሰግናለሁ። «አነበብኩት፣ ደስ አለኝ በላት። ከዚያ ጥገናው ላይ ተበላሸ ትላታለህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አልኩት። እኔ፣ ስሕተት የማልወደው።

ዓርብ ኅዳር 12 ነበር። በየሰፈሩ ቆሻሻ ሰብስበው ሲያጥኑ ጭሱ ሱቄ ውስጥ ድረስ ገባ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። አርአያ እኔም እንድሰማ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በድምፅ ማጉያ ከፈተው። መልካም ልደት የኔ እናት አላት። አመሰግናለሁ አለች።

«አባዬ፣ ሰርቨሩ አልገባ ብሎኛል» አለች።

«አዎ፣ ጥገናው ትንሽ… ግን ጠዋት እኔ በዚህ በኩል ገብቼ ነበር። መጽሐፉን አነበብኩት።»

አርአያ ወደ እኔ አየ። ቀጥል አልኩት በእጄ።

«አነበብኩት፤ ማለቴ፣ በጣም ደስ አለኝ።»

«ሌላ የምትለው የለህም?»

«ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ጽሑፍሽ በጣም አድጓል።»

«እሺ አባዬ። በቃ፣ ገባኝ» አለች። ድምፅዋ በአንዴ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆነ። ስልኩ ተዘጋ።

ውሸት ለመቅለል ማደር አለበት፤ የእኛው ለማደር እንኳ አልበቃም። አርአያ ደወለ፤ አታነሳም። እንደገና ደወለ፤ ዘግታዋለች። ሦስተኛ ሲደውል ስልኳ ጠፍቷል። «ምን ነበር የጻፈችው?» አለኝ። እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ የጻፍኩትን ሴትዮ። አንድ ደንበኛ ፎቶኮፒ ብሎ ገባ፤ ዝግ ነው ብዬ መለስኩት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ማዕዛ ጋ ደውል» አልኩት።

ከማዕዛ ጋር ድምፅ ለድምፅ ካወሩ ዓመት አልፏቸዋል። ደወለ። ገና ሃሎ ሳይል፣ ልጅቷን ምን ብለሃት ነው በሯን ቆልፋ የምታለቅሰው አለችው። ስጫት አላት፤ እባክሽ ስጫት፣ እውነቱን ልንገራት። ኮቴ ተሰማ፣ በር ተንኳኳ፣ ቁልፍ ተከፈተ። ከዚያ ትንፋሽ ሰማን።

«መርሃዊት፣ አላነበብኩትም» አለ አርአያ። «ዋሸሁሽ። መጽሐፉ ጠፍቷል። ሁሉም ጠፍቷል፣ የኮረብታው ቤትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ስለ ቆፋሪው፣ ስለ ሃያ ሰባቱ ደቂቃ፣ ስለ ቅጂዎቹ። አልተቆራረጠም፤ ማመልከቻ እንደሚጽፍ በቅደም ተከተል ነገራት። ቀኑን በእኛ ጽፎ ማሽኑ በፈረንጅ እንዳነበበው ሲደርስ አቋረጠችው።

«ቆይ፣ 2018ን አሮጌ ነው ብሎ አጠፋው?»

«አዎ።»

«የዘንድሮን?»

«የዘንድሮን።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አሰማች። አርአያ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር። ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው የኔ እናት አላት። አሁን በአፌ አልልም አለች። እሺ አላት። ትንሽ ቆየች፤ እሱም አልዘጋም፣ እሷም አልዘጋችም። ከሁለት ደቂቃ ማለፉን የግድግዳው ሰዓት ላይ አይቻለሁ።

«እማዬ ልታገባ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፣ ማለቴ፣ ምንም አላደረገኝም። ወደ እሱ ቤት ልንገባ ነው። እኔ እዚያ መኖር አልፈልግም። አንተ ጋ ልምጣ ወይ ነው ያልኩህ። ካልፈለግክ ምክንያት አትደርድርልኝ፣ አነበብኩት ብቻ በለኝ፣ ይገባኛል፣ ሁለተኛ አልጠይቅህም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አነበብኩት። እኔ ያስተማርኩት ቃል። ወንበሬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አርአያ አለቀሰ። ከጭሱ ነው ብዬ ላሳብብለት አልችልም፤ ድምፅ አውጥቶ ነው ያለቀሰው፤ በሱቄ በራፍ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ። «ነይ» አላት። «ነይ። ዛሬም ነይ።» እሷ ነች ያረጋጋችው፤ ዛሬ አይሆንም አባዬ፣ ፈተና አለብኝ አለች። ማዕዛ ስልኩን ተቀብላ፣ ራስሽ ጠይቂው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ሴሚስተሩ ጥር ላይ ሲያልቅ ትምጣ አለችው። ድምፅዋ ደክሞ ነበር እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። ለልጅቷ የሚሆን አልጋ እንዳለው ጠየቀችው። አለኝ አላት። አልነበረውም።

ቅዳሜ የሚያዝያውን ዓለም አስነሳ፤ መርሃዊት ነች አስነሳው ያለችው፤ ጓደኞቿ ቤታቸው ሰባት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያገኙት መጀመሪያ ተናደዱ፣ ከዚያ እንደገና መደርደር ጀመሩ። እኔም ቅዳሜ የግድግዳዬን ማስታወቂያ አወረድኩት። ሌላ አስጻፍኩ፦ «ቀን ሲጻፍ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።» ዮአብ በነጻ አትሞልኝ ራሱ ለጠፈው።

እሑድ ሜትር ይዤ አርአያ ቤት ሄድኩ። አንድ አልጋ ከወዲያ፣ አንድ አልጋ ከወዲህ፣ መሐል ላይ መጋረጃ። በበሩ በኩል ለካሁ፤ አይገባም። በመስኮቱ በኩል ለካሁ፤ አይገባም። የሚገባው በአንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ባለበት። ማሽኑ ብሎኬቱ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል፤ ቬንትሌተሩ ይዞርለታል።

አርአያ ጥጉን አየ፣ ሜትሩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለ። የባትሪውንም ቁልፍ ተጫነ። በወጉ አልዘጋውም፣ ምንም አላስቀመጠም። ለዚህ ማሽን በሃያ ደቂቃ ካዛንቺስን ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደንግጬ «አስቀምጠኸዋል?» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ፤ ብሎኬቱን ወደ በሩ መግፋት ጀምሮ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ወዲያው በሩ ቆርቆር ተደረገ፤ ወይዘሮ ዘውዲ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«አርአያ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም እማማ ዘውዲ» አላቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጄ ልትመጣ ነው።»